የሞተችው እጅ ነሣች

እኔ እንጉዳይ ነኝ፣ ሙሾ አውራጅ፣
የአርባ ዓመት ባለሙያ፣
ከአዘዞ እስከ ቀሐ፣ ከአባጃሌ እስከ ቅዳሜ ገበያ
ለቅሶ ቤት ያለኔ የማይሞቅ፣ ሠርግ ቤት የሚጠላኝ፣
ከል ለብሼ ሲያየኝ ያልታመመ የሚፈራኝ።

የእህቴ ልጅ ዝናሽ አንድ ሐሙስ ማታ መጣች፣
«እትዬ፣ ኦፔራ መጥቷል» ብላ ሁለት ትኬት ዘረጋች።
«ምንድነው ኦፔራ?»
«ድራማ ነው፣ ግን በዜማ፤ ሰው እንዲሁ አያወራ።»
«ማን ሞተ?» አልኳት። ሳቀች።
«አንዷ ትሞታለች እትዬ፣ ግን ገና መጨረሻ ላይ ነች።»

ምን ያስቃታል? እኔ እንደሆን
ማን እንደሞተ ሳልጠይቅ ረግጬ አላውቅም ደጁን፤
ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ ያረሰውን፣ የነገደውን፣
ስንት ወልዶ ስንት እንደቀበረ፣ የተቀየመውን ጎረቤቱን
ሰብስቤ ነው የምገባ። ሙሾ በባዶ አይወረድ፤
ሟችን ሳያውቁ ማልቀስ፣ ሳይዘሩ እንደ ማጨድ።

ፒያሳ፣ ጣልያን ትቶት በሄደው ሲኒማ ቤት
ሞላው ወጥቶ ጎን የሚወጋ ወንበር ነው የተጎለትኩበት።
ከፊቴ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ከኋላዬ የባጃጅ ልጅ፤
ቆሎ ብቆረጥም ዞሮ ገላመጠኝ አንድ ፈረንጅ።

ከዚያ ሴትዮዋ ወጣች፣ አፏን ከፈተች።
እግዚኦ!
ማይክ የላትም። ያ ሁሉ ድምፅ ከየት መጣ?
ከእምብርቷ በታች ነው፤ አውቀዋለሁ፣
እኔም ሬሳ ከቤት ሲወጣ
ከዚያው ነው የምቀዳ። ጉሮሮ ብቻውን አይችልም፤
ይሰነጠቃል እንጂ ቀብር አያደርስም።

ቃሉ ግን አይገባ። ግድግዳው ላይ በአማርኛ ይጻፋል፣
እንደ ክፍለ ሀገር አውቶቡስ ዘግይቶ ይደርሳል፤
እሷ ጥላው ሄዳ ስታለቅስ
«እወድሻለሁ» ይላል ጽሑፉ፣ ገና እሱ ጋ ሲደርስ።
ማንበቡን ተውኩት። ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮዬ ግን ያው ነው፤
የውሸት የሚያለቅሰውን በእሱ ነው የምለየው።
እሷ አልዋሸችም።

መሀል ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ዘገየ።
ሙዚቃው አንድ ባንድ ወደቀ፤ እሷ ብቻ ቀጠለች፣
ጣራው የት እንደሆነ፣ ግድግዳው የት፣ በድምፅዋ ታየ።

ከዚያ መሞት ጀመረች። እዚህ ላይ ነው የተቆጣሁ።
እየሞተች ትዘፍናለች!
ትወድቃለች፣ ቀና ትላለች፣ ደሞ ትጨምራለች።
በኛ አገር ሟች ዝም ይላል፤ የሱ ሥራ ዝምታ፣
የቀረው የኔ ድርሻ ነው፣ እስኪወርድ መቃብር ቦታ።
«አልቃሿ የት ሄደች?» አልኳት ዝናሽን።
«የላትም፣ እትዬ።»
የላትም።
ይህን ሁሉ ሕዝብ ሰብስባ አንድ አልቃሽ የላትም!
ምን ታድርግ ታዲያ፣ ራሷ አወረደች፤ ሌላ የለም።

ያን ጊዜ ሆዴ ባባ።
የጎንደርን ሬሳ ሁሉ በቃል አልብሼ የሸኘሁ
ለራሴ ማን አለኝ ብዬ፣ በዚያ ጨለማ አሰላሁ።
ዝናሽ ሒሳብ ነው የምትማር።
አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች፣ አላየችኝም።

ሞተች። መጋረጃው ወረደ። ደረቴን ልደቃ እጄን ሳነሣ
ሕዝቡ አጨበጨበ። ለሞት! መጋረጃውም ተነሣ፣
ሟችም ተነሣች!
ላቧን ጠርጋ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣
እጅ ነሣች።

አርባ ዓመት ስንቱን ጠራሁ፣
«ተነሥ፣ ከብትህ ገባ፣ ልጅህ ከመንገድ መጣ» እያልሁ፤
አንድ ሰው ቀና አላለም።

ባለፈው ማክሰኞ አዘዞ ለአንድ ግንበኛ አወረድኩ።
ጨርሼ፣ ሰዉ እንባውን ሲጠርግ፣ ትንሽ ዘገየሁ፣ ቆምኩ፣
ሳጥኑን አየሁት፤ ማን ያውቃል ብዬ።
እሱ እንዳለ ነው።
እኔው ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ወጣሁ።